አራተኛው ተጓዥ

በአንድ ወቅት፣ ያውም ብዙ በማይርቅ ወቅት፣ ሰኞ ገበያ በምትባል የወሎ ከተማ ሦስት እምቢልታ ነፊዎች ነበሩ። ነገሩን ያወራኝ እዚያው የነበረ ሰው ነው። ጨምሬበት ከሆነ ለማጣፈጥ ነው፤ የቀነስኩት ግን የለም። ዝም ብላችሁ እንድትሰሙም አይደለም የማወራችሁ፤ መጨረሻ ላይ ፍርድ ስለምጠይቃችሁ ከአሁኑ ጆሯችሁን ስጡኝ።

እምቢልታ እንደ ዋሽንት አይደለም። የጣት ቀዳዳ የለውም፤ አንዱ ብቻውን የሚሰጠው አንድ ወይ ሁለት ድምፅ ነው። ስለዚህ ሦስት ሆነው ይነፉታል። አንዱ ሲተው ሌላው ይቀበለዋል፣ እሱ ሲጨርስ ሦስተኛው ያነሣዋል፣ እንዲህ እየተቀባበሉ ዜማውን ይሞሉታል። ሦስቱ ከተሟሉ ሙሽራ ያስለቅሳሉ፤ አንዱ ከጎደለ ግን የሁለቱ ንፊያ ላም የጠፋችበትን ሰው ጥሪ ይመስላል።

መሪው አያ መንበሩ ነው፤ ስድሳን ያለፈ፣ ቁጥብ፣ ከሚናገረው የሚውጠው የሚበዛ ገበሬ። ሁለተኛው አያ ደምሌ፣ ወሬ የሚወድ፣ ሲስቅ ማዶ ድረስ የሚሰማ ሰው ነው። ሦስተኛው ድንጋይ ጠራቢው አያ ይማም ነው። ሦስቱ ለሠላሳ ዓመት የክርስቲያኑንም የሙስሊሙንም ሠርግ አብረው ሲያደምቁ ኖረዋል። ከሦስቱ አንዱ የታመመ ወይም የተቸገረ ቀን የሚተካቸው ጓንጉል የሚባል አራተኛ ሰው አላቸው፤ እሱም ዕድሜውን ሙሉ ተጠባባቂ ሆኖ የኖረ፣ «መቼ ነው የእኔ ተራ?» ብሎ ያልጠየቀ ሰው ነው።

በጥር ወር ከባሕር ማዶ ደብዳቤ መጣላቸው። ባለፈው ዓመት አንድ እንግዳ ሠርግ ላይ በስልኩ ቀድቷቸው ነበር። ያ ቅጂ ዞሮ ዞሮ ፖርቱጋል ውስጥ የትንፋሽ መሣሪያዎች በዓል ከሚያዘጋጁ ሰዎች ጆሮ ገባ። ደብዳቤው በእንግሊዝኛ ስለሆነ የእንግሊዝኛ መምህርቷ ብርቅነሽ አነበበችላቸው። «በሐምሌ ኑልን፤ ወጪው በእኛ ነው። የምንጋብዘው ሦስት ነፊዎችንና መሪው የሚመርጠውን አንድ አጃቢ ነው» ይላል።

አያ መንበሩ ባሕር አይቶ አያውቅም። ያን ቀን ወደ ቤቱ ሲመለስ መንገድ ላይ ብቻውን ሁለት ጊዜ ሳቀ። በዚህ ዕድሜው እንዲህ ደስ ይለኛል ብሎ አስቦ አያውቅም ነበር።

ደስታው ግን በወረቀት በኩል ማለፍ ነበረበት። ለፓስፖርት የልደት ምስክር ወረቀት ያስፈልጋል፤ ለልደት ወረቀቱ መታወቂያና ምስክር፤ ለምስክሩ ደግሞ የምስክሩ መታወቂያ። «ከሞት በቀር ሁሉም ነገር ወረቀት ይፈልጋል» አለ ደምሌ፤ ከዚያ ትንሽ አሰበና «እሱም ይፈልጋል ለካ» ብሎ ራሱን አረመ።

መጀመሪያ የተሰናከለው ራሱ መሪው ነበር። የቀበሌው ጸሐፊ «ልደትዎን የሚያውቁ ሦስት ምስክሮች ያምጡ» አለው። ሁለት ሽማግሌዎች ተገኙ፤ ሦስተኛ ጠፋ። እኩዮቹን ሰብስቦ ቢሄድ ጸሐፊው «እነዚህ እርስዎ ሲወለዱ የት ነበሩ?» ብሎ መለሳቸው። የቀሩት አንዲት ሴት ብቻ ነበሩ፤ እናቱን ያዋለዱት እማማ ጠጂቱ። እሳቸው ደግሞ ከገደሉ ሥር፣ ወንዝ ማዶ፣ ልጃቸው ዘንድ ነው የሚኖሩት። ወሩ መጋቢት ነው፤ የበልጉ ዝናብ ጥሎ ወንዙ መሙላት ጀምሯል።

መንበሩ ስንዱ የምትባል የሠላሳ ዓመት ልጅ አለችው። በልጅነቷ እምቢልታውን አንሥታ ስትነፋ አግኝቷት «ይሄ የወንድ ትንፋሽ ነው» ብሎ ነጥቋታል። አምና ደግሞ ዓረብ አገር ልትሄድ ፓስፖርቷን አውጥታ ሳለ እናቷ ታመመች፤ ቀረች፣ አስታመመች፣ ቀበረች። ከዚያ ወዲህ ቤቱንም እርሻውንም የያዘችው እሷ ናት። ያ ሳምንት የበልግ ገብስ የሚዘራበት ነበር። መሬቱ ርሷል፣ ዘሩ ተሰፍሯል፣ ባለ በሬው ዘመድ በስንት ልመና ለሦስት ቀን እሺ ብሏል። ስንዱ ሁሉንም ትታ የጎረቤት በቅሎ ለመነች።

«ዘሩስ?» አላት አባቷ።

«ዘር ለከርሞም አለ፣ አባዬ። እማማ ጠጂቱ ግን ለከርሞ መኖራቸውን ማን ያውቃል?»

ስትሄድ ወንዙ ከጉልበቷ በታች ነበር። ስትመለስ ከደረቷ ደረሰ። አሮጊቷን በነጠላ ከኮርቻው ጋር አስራ፣ ልጓሙን ይዛ፣ በውኃው መሀል ተሻገረች፤ እማማ ጠጂቱ በበቅሎዋ ላይ ሆነው ማርያምንም ስንዱንም እየጠሩ ነበር። በሦስተኛው ቀን ቀበሌ ደረሱ። ጸሐፊው በደንቡ መሠረት «ሰውየውን ያውቋቸዋል?» ብሎ ጠየቀ።

«ከእናቱ ቀድሜ ያየሁት እኔ ነኝ! ምን ማለትህ ነው?» አሉት።

ጸሐፊው ሳቁን መቻል አቅቶት ማኅተሙን ጠማማ አድርጎ መታው፤ መንበሩም በስድሳ ምናምን ዓመቱ መወለዱ ተረጋገጠ። ማሳው ግን በዚያ በልግ ጦሙን አደረ።

ሁለተኛው እንቅፋት የይማም ነው። መንበሩ፣ ይማምና ተጠባባቂው ጓንጉል ፓስፖርት ሊያወጡ አብረው ወደ ትልቁ ከተማ ወረዱ። መንበሩ አሻራ ሰጠ፣ ጓንጉልም ሰጠ። ይማም አሥሩን ጣቶቹን አንድ በአንድ በአሻራ ማንሻው መስተዋት ላይ አኖረ፤ ማሽኑ አንዱንም አላነበበም። አርባ ዓመት ድንጋይ ሲጠርብ የጣቶቹ መስመር ተፍቆ አልቋል። ሠራተኛዋ ደግ ሰው ናት። «አባቴ፣ አርባ ቀን ያህል ድንጋይ አይንኩ። እጅዎን ቅቤ እየቀቡ ያሳርፉት፤ መስመሩ ይመለስ ይሆናል» አለችው።

ይማም እየተናደደም እየሳቀም ተመለሰ። «ወላሂ፣ እምቢልታው እንኳን ጣት ጠይቆኝ አያውቅም! ለመንፋት ትንፋሽ፣ ለመሄድ ጣት!» ይላል።

ከሳቁ በስተጀርባ ግን ጭንቀት ነበረበት። በከተማዋ ለሚሠራው ጤና ኬላ የመሠረት ድንጋይ እስከ ግንቦት አጋማሽ ጠርቤ አስረክባለሁ ብሎ በሕዝብ ፊት ቃል ገብቷል። አርባ ቀን እጁን ቢያጥፍ ቃሉን አጠፈ፤ ድንጋዩን ቢጠርብ ጣቱ አይመለስም። ሁለት ቀን አሰበና «ጓንጉል ይሂድ። እሱም ነፊ ነው፣ ወረቀቱም አልቋል» አለ። ሰዉ ሁሉ፣ መንበሩም ጭምር፣ ሌላ መላ የለም ብሎ ተስማማ።

እንግዲህ ጓንጉል ዝም ማለት ብቻ ነበረበት። ዝም ቢል ፖርቱጋል ነው። እሱ ግን በማግስቱ ጠዋት ድንጋዩ ወደሚፈለጥበት ቦታ ወጥቶ የይማምን መዶሻ አነሣ።

«ምን ልታደርግ ነው?» አለው ይማም።

«አንተ ቅቤህን ተቀባ። ድንጋዩን ለእኔ ተወው።»

ጓንጉል ድንጋይ ጠርቦ አያውቅም። በመጀመሪያው ሳምንት የአውራ ጣቱ ጥፍር ጠቆረ፣ በሁለተኛው ወለቀ። ይማም አጠገቡ ተቀምጦ «ከዚህ ምታው፣ ከዚያ ተወው» እያለ ያስተምረዋል፤ እጆቹ ግን በቅቤ ርሰው የሱፍ ካልሲ ለብሰዋል። ገበያ ሲወጣ ሰው በትከሻ ብቻ ሰላም ይለው ጀመር። ድንጋዩን በቀኑ አስረከቡ። በአርባ ሦስተኛው ቀን ማሽኑ ከይማም አሥር ጣቶች ስምንቱን አነበበ፤ ሠራተኛዋም ስምንቱ ይበቃል አለች።

ሦስተኛው እንቅፋት ማንም ባልጠረጠረበት በኩል መጣ። ደምሌ ከሁሉም ቀድሞ ተዝናንቶ ነበር። ከዓመታት በፊት ከተሳላሚዎች ጋር ኢየሩሳሌም ሊሄድ ፓስፖርት አውጥቶ፣ ጉዞው ሳይቀናው ቀርቶ፣ ፓስፖርቱን በጨርቅ ጠቅልሎ ሣጥን ውስጥ አኑሮታል። በጥር ሲያወጣው መምህርት ብርቅነሽ ገለጠችና «እስከ 2024 ያገለግላል» ብላ አነበበች።

«ዘንድሮ ገና 2016 ነው! ስምንት ዓመት አለኝ!» ብሎ ደምሌ ዘለለ። ቤቱ በእልልታ ተሞላ፤ ብርቅነሽም አብራ እልል አለች።

በሚያዝያ የይማም ጣት በካልሲ ውስጥ ሳለ፣ ብርቅነሽ ጊዜ እንዳይባክን ብላ የቪዛውን ቅጽ መሙላት ጀመረች። የመንበሩን የልደት ዓመት ወደ ፈረንጅ አቆጣጠር ስትመልስ እስክሪብቶዋ ቆመ። የደምሌን ፓስፖርት እንደገና ገለጠች። ያ 2024 የፈረንጅ ነው፤ ማለትም ይኸው የያዝነው ዓመት ነው። ፓስፖርቱ በጳጉሜን ጊዜው ያልፋል፤ ኤምባሲው ደግሞ ከጉዞው መመለሻ በኋላ ቢያንስ ሦስት ወር የቀረው ካልሆነ አይቀበልም። ስምንቱ ዓመት በአንድ ጊዜ አምስት ወር ሆነ።

ብርቅነሽ ስህተቱን አልሸፈነችም። በቀጥታ ደምሌ ቤት ሄዳ «አያ ደምሌ፣ አጥፍቻለሁ። ያነበብኩት እኔ ነኝ» አለችው። በማግስቱ ለማሳደስ ይዛው ወደ ትልቁ ከተማ ወረደች። ሰልፉ አራት ቀን ፈጀ። ሦስተኛው ቀን ብርቅነሽ ሁለት ዓመት የተዘጋጀችበት የርእሰ መምህርነት ፈተና የሚሰጥበት ነበር፤ አዳራሹም ከሰልፉ ሁለት መንገድ ብቻ ነው የሚርቀው።

«ሂጂ ልጄ፣ እኔ እቆማለሁ» አላት ደምሌ።

«ስምዎ ተጠርቶ ባይሰሙስ? ቅጹን ማን ይሞላልዎታል? አልሄድም።»

አልሄደችም። ፓስፖርቱ ታደሰ፤ ፈተናው አመለጣት። በዚያው ሰልፍ የራሷንም ፓስፖርት አወጣች። ይህችን ነገር ያዟት፤ ኋላ ትመጣለች።

እንዲህ ሆኖ በግንቦት መጨረሻ፣ አንድ እሑድ ከቀትር በፊት፣ ሁሉም በትምህርት ቤቱ አንድ ክፍል ውስጥ ተሰበሰቡ። ጠረጴዛው ላይ ሦስት ፓስፖርቶች ተደርድረዋል። አያ መንበሩ የራሱን ገልጦ ፎቶውን አየ፤ ዓይኑን አፍጥጦ የተነሣው ገበሬ እውነት እሱ ነው? እንሄዳለን እኮ፣ አለ በልቡ። ደረቱ ሞላ፤ እንባው እንዳይታይበት አቀረቀረ።

የቀረው አንድ ነገር ነበር። ከቪዛው ቅጽ ግርጌ «የአጃቢው ስም» የሚል ባዶ መስመር አለ፤ በመሪው እጅ ተጽፎ በመሪው እጅ ይፈረማል። አውቶቡሱ በስምንት ሰዓት ይነሣል፤ ሹፌሩም ቅጹ የሚገባበትን ፖስታ ለኤምባሲው ሊያደርስ እሺ ብሏል። ስንዱ፣ ጓንጉልና ብርቅነሽ ሦስቱም ፓስፖርት አላቸው፤ ሦስቱም ፊት ለፊቱ ተቀምጠዋል።

ደምሌ ቀድሞ ተነሣ። «እኔ ብርቅነሽን ነው የምለው። የእሷ ዓይን ባይኖር እስከ አየር ማረፊያ ሄደን እንመለስ ነበር። እዚያስ ማን ያነብልናል? ምግብ ብለን ሳሙና ልንገዛ?»

«ያሳሳተችንስ ማን ሆነና?» አለ ከኋላ የተቀመጠ ጎረቤት። «የራሷን ስህተት ማረሟ ውለታ ነው እንዴ? ደግሞ ፓስፖርቷን ያወጣችው ገና ሳትጠራ ነው።»

ብርቅነሽ ፊቷ ቀላ። «ያነበብኩት እኔ ነኝ፤ እልል ያላችሁት ግን ሁላችሁም ናችሁ» አለች። «ፓስፖርቱን ያወጣሁት መሄድ ስለምፈልግ ነው። መፈለግ ነውር ነው? አሥራ ሁለት ዓመት የማላየውን አገር ቋንቋ አስተምሬያለሁ።»

ይማም ካልሲ ባወለቀው እጁ ጠረጴዛውን መታ። «ጓንጉል ባይኖር እዚህ ወንበር ላይ የምቀመጠው እኔ አልነበርኩም። የራሱን መንገድ በራሱ እጅ ጠርቦ ሰጠኝ። ከዚህ በላይ ምን ይምጣ?»

ያው ጎረቤት ለዚህም የሚለው አላጣም። «ጓንጉል ደግ ነው፤ ግን ትንፋሹ ካጠረ ሁለት ዓመት ሆኖታል። በዚያ ሁሉ ሕዝብ ፊት ቆሞ ማቋረጥ ፈርቶ ቢሆንስ? መድረክ ያስፈራዋል እንጂ ማጀብማ ምን ያስፈራዋል?»

ጓንጉል ጥፍሩ የወለቀውን አውራ ጣቱን አየ። «ትንፋሼ አጥሯል፣ ውሸት አይደለም» አለ። «ስለዚህ ነው የተውኩት ካላችሁም አልከራከርም፤ እኔም ለይቼ አላውቀውም። አንድ ጊዜ ግን ተጠባባቂ ሳልሆን ብሄድ ደስ ይለኛል።»

ለስንዱ ማንም አልተነሣላትም። ሁሉም ዓይኑን ወደ መንበሩ አዞረ። «የእሷስ ልጅነት ነው» አለች አንዲት ሴት በለሰለሰ ድምፅ። «ልጅ ለአባቷ ብትደክም ግዴታዋ ነው እንጂ እንደ ውለታ አይቆጠርም። ከጻፍካትም ሰው ለሥጋው አደላ ይላል።»

«ዕጣ እንጣልና ይለቅልን» አለ ደምሌ፣ ነገሩ ከረር ሲልበት። አንዳንዶች እሺ አሉ። ስንዱ ግን ብድግ አለች።

«እኔ ወንዙን በዕጣ አልተሻገርኩም፣ አያ ደምሌ» አለች። ከዚያ ወደ አባቷ ዞረች። «አባዬ፣ ልጅህ ስለሆንኩ አትጻፈኝ። ልጅህ ስለሆንኩም አትዝለለኝ። ሌላ ሰው ሄዶ ቢሆን ኖሮ ምን ታደርግ ነበር? እሱን አድርግልኝ።» ተመልሳ ተቀመጠች።

መንበሩ እስክሪብቶውን ይዞ ቀረ። በመሠረተ ትምህርት ፊደል የቆጠረ ሰው ነው፤ ስም ለመጻፍ ጊዜ ይወስድበታል። አሁን ግን ያቆመው ፊደሉ አልነበረም።

ስለ ብርቅነሽ አሰበ። ጥፋትን በአደባባይ የራስ ማድረግ እንዴት እንደሚከብድ ያውቃል፤ እሱ ራሱ ስንት ጥፋቱን ውጦ ኖሯል። ፈተናው በሁለት መንገድ ርቀት እየተሰጠ በሰልፍ መቆም እንዴት ያለ ነገር ነው? በሰው አገር ደግሞ ሦስት ሽማግሌ ያለ አንደበት ምን ይሆናል?

ስለ ጓንጉል አሰበ። «ጓንጉል ይሂድ» ሲባል እሱም እሺ ብሎ ነበር፤ ይማምን ሳይሟገትለት በአንድ ቀን ተወው። የሠላሳ ዓመት ጓደኛውን ያልተወው ጓንጉል ነው። ያ የወለቀ ጥፍር እሱን መሪ ነኝ ባዩን አሳፍሮታል።

ስለ ስንዱም አሰበ። እምቢልታውን ከእጇ ሲነጥቅ ያየችበት ዓይን እስከ ዛሬ ከፊቱ አልጠፋም። ዛሬ ቢጽፋት፣ ፍርድ ነው ወይስ የዚያን ቀን ካሳ? ባይጽፋትስ፣ ፍርድ ነው ወይስ የሰው አፍ መፍራት? እሷ ባትሻገር ኖሮ እሱ እስከ ዛሬ ያልተወለደ ሰው ነበር፤ መሪው ካልሄደ ደግሞ ሁለቱስ የት ይደርሳሉ? ግን ደምሌስ ቢቀር? ይማምስ ቢቀር? ከሦስቱ አንዱ ቢጎድል ማን ይነፋ ነበር?

ከውጭ የአውቶቡሱ ጡሩምባ ጮኸ። መንበሩ አንድ ጊዜ ቀና ብሎ ሦስቱን በየተራ አያቸው፤ ሦስቱም ዓይናቸውን አልሰበሩም። ከዚያ አጎንብሶ ጻፈ። ቀስ ብሎ ጻፈ፣ ፈረመ፣ ወረቀቱን አጥፎ ፖስታው ውስጥ ከተተና በምላሱ አሸገው።

ይህን ያወራኝ ሰው በመስኮቱ በኩል ቆሞ ነበር፤ የእጁን መንቀሳቀስ እንጂ ፊደሉን አላየም። ቪዛው በሰኔ መጣ። በሐምሌ አራት ሰዎች ከሰኞ ገበያ ተነሡ፤ የቀሩት ሁለቱም እስከ አውቶቡሱ ድረስ ወርደው ሻንጣ ተሸክመው ሸኟቸው። ሦስቱ እምቢልታዎች ሳይጓደሉ ተነፉ፣ ባሕሩም ታየ። አራተኛው ተጓዥ ማን እንደነበር አሁን አውቄያለሁ፤ እናንተ ሳትፈርዱ ግን አልናገርም።

አንዷ የራሷን ስህተት በአደባባይ አምና፣ ዕድሏን በሰልፍ ላይ ጥላ ደምሌን አደረሰች። አንዱ የመሄጃ ተራውን ለባለ ተራው መልሶ፣ በማያውቀው መዶሻ ይማምን አደረሰ። አንዷ ዘሯን መሬት ላይ ትታ፣ ወንዝ በደረቷ ገፍታ አባቷን አደረሰች። መስመሩ አንድ ነው፤ አውቶቡሱም ሊነሣ ነው። እስክሪብቶው በእናንተ እጅ ቢሆን የማንን ስም ትጽፉ ነበር?